የ«ቬሬዳ» ከበሮ መቺ፣ የዲዮኒሲያ ልጅ፦ ዋልዴማር ኢሲድሮ ቴቼራ

ዋልዴማር ኢሲድሮ ቴቼራ ከአባታቸው ከሲንፎሪያኖ ቴቼራና ከእናታቸው ከዲዮኒሲያ ኦሊቬራ፣ ማርች 3 ቀን 1949 በሞንቴቪዴዮ፣ በፓሌርሞ ሠፈር፣ ሠላሳ ሁለት ቤተሰብ አንድ የውኃ ቧንቧ ይጋራበት በነበረው ግቢ ውስጥ ተወለዱ። አባታችን የወደብ ጫኝ፣ እናታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ኤቤር ተወለድኩ። ሌላ እኅትም ወንድምም የለንም፤ ስለዚህ ይህን ታሪክ የመጻፍ ድርሻ የእኔ ሆነ። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው ራሱን ማንሳት እንደማይገባው አውቃለሁ። ሆኖም ራሴን ሳላነሳ የወንድሜን ሕይወት በእውነት መናገር አልችልም። ምክንያቱን ሳትሰሙ ወደ ቤታችሁ አትሄዱም።

የመጀመሪያ አስተማሪያቸው አባታችን ነበሩ። የሠፈራችን የመንገድ ከበሮ ሦስት ዓይነት ነው፦ ሳያቋርጥ አንድ ቃል የሚደጋግመው ትንሹ፣ እንደ ልቡ የሚጠይቅና የሚመልሰው መካከለኛው፣ ከታች ሆኖ ሁሉን የሚሸከመው ትልቁ። አባታችን ትልቁን ይመቱ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ መንገድ ዳር ጋዜጣ አንድደው የከበሮውን ቆዳ ሲያሞቁ፣ ዋልዴማር እሳቱ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። በስድስት ዓመታቸው ትንሹ ከበሮ ተሰጣቸው። ወዲያው የመካከለኛውን ጨዋታ መኮረጅ ሲጀምሩ አባታችን ሰልፉን አስቁመው፣ «አንተ! ትንሹ ከበሮ ወሬ አያወራም። አንድ ቃል ተሰጥቶሃል፤ እሷን ጠብቅ!» ብለው ተቆጧቸው። ያን ቀን ዋልዴማር እስከ መንገዱ ጫፍ እያለቀሱ ሄዱ። ቃሏን ግን አልለቀቋትም።

ሁለተኛዋ አስተማሪያቸው የእናታችን የስፌት መኪና ናት። ቤታችን አንድ ክፍል ስለነበር አልጋችን ከመኪናዋ አንድ ክንድ ብቻ ይርቅ ነበር። እናታችን ፔዳሉን ሲረግጡ መኪናዋ በእኩል እርምጃ ትሄድና እንደ ኮት ኮሌታ ያለ ወፍራም ጨርቅ ላይ ስትደርስ ታነክሳለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ከቦነስ አይረስ የመጡ ሙዚቀኞች የባንዳቸውን የ«ቬሬዳ»ን ሸክላ ሰምተው፣ ያንን የሚያነክስ ምት ከየት እንዳመጡት ሲጠይቋቸው ዋልዴማር «ከኮት ኮሌታ» ብለው መለሱላቸው። ሰዎቹ የእኛ የጥቁሮች ዳንስ ስም መስሏቸው በማስታወሻቸው ጻፉት።

አባታችን በ1961 ወደብ ላይ የሱፍ ጭነት ወድቆባቸው አረፉ። ዋልዴማር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። በአሥራ አራት ዓመታቸው የሙያ ትምህርት ቤቱን አቋርጠው ቆዳ ፋብሪካ ገቡ። እናታችን፣ «ከበሮ ድስት አይሞላም፤ አባታችሁም ቢሆን በጀርባው እንጂ በከበሮው አላበላችሁም» ይሉ ነበር። ልጃቸው ግን ከፋብሪካ የተጣለ ቆዳ እየለመኑ፣ ከካርኒቫል የቀረ ትልቅ ከበሮ በእግር እንዲመታ አድርገው፣ ከእሑድ ገበያ የተሰነጠቀ የነሐስ ሳህን ገዝተው በ1965 የራሳቸውን ድራም ገጣጠሙ። ሳህኑ ከመሰንጠቁ የተነሳ ሲመታ ያስነጥስ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላም ደህናውን ሲገዙ ያንን አልጣሉትም።

ድራምን እንደ ድራም ያስተማሯቸው፣ በዳንስ ኦርኬስትራ ያረጁት ማኤስትሮ ፓንክራሲዮ ቪዬራ ናቸው። ማኤስትሮው ትምህርቱን የጀመሩት ዱላዎቹን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ በመቆለፍ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በባዶ እጅ ብቻ አስመቷቸው። «ጎበዝ ነህ፤ ግን ማንም ሲዘፍን አትሰማም» አሏቸው አንድ ቀን። «ድራመር ማለት ሌላው ሰው የት ሊወድቅ እንደሆነ ቀድሞ አውቆ እዚያ ወለል የሚያነጥፍ ሰው ነው።» ወንድሜ ከሰሙት ምክር ሁሉ የቱን ያዙ ብባል ይህንን እላለሁ፤ በሙዚቃም፣ ከሙዚቃ ውጭም።

በዚያ ዘመን ባሕር ተሻግሮ የመጣው ሮክ ወጣቱን ሁሉ አሳብዶት ነበር። በ1966 ዋልዴማር የሠፈራችን ልጅ ከሆነው ከዳርዊን ኤቼጋራይና ከሁለት ሌሎች ጋር ባንድ መሠረቱ። ዳርዊን ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ያደገ ስለሆነ በስሙ ብቻ ብጠራው አይቀየመኝም። ጊታር ይጫወትና ይዘፍን ነበር። የሚዘፍነው በእንግሊዝኛ ሲሆን አንድም ቃል አያውቅም፤ ከሸክላ እየሰማ እንደ በቀቀን ይደግመዋል። በ1969 በሠፈሩ ክበብ በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት ዳንስ ላይ እናታችን መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ሲያልቅ ወንድሜን ጠሯቸው።

«ልጄ፣ ምን እያላችሁ ነው የምትዘፍኑት?»

«እኔ እንጃ፣ እማዬ።»

«ዳርዊንስ?»

«እሱም አያውቅም።»

«ታዲያ እኔ ብሰደብስ በምን አውቃለሁ?» አሉ እናታችን። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዋልዴማር ግን አልሳቁም። በሚቀጥለው ልምምድ ድራሙ ላይ ተቀምጠው ዱላ አላነሳም አሉ። ባንዱን የሚያስተዳድረው ሰው ሮክ በስፓኒሽ እንደማይሆን፣ ምላሳችን ለታንጎ እንጂ ለዚህ እንዳልተፈጠረ ነገራቸው። «እናቴ የማትሰማውን አልመታም» አሉ። ሰውየው ሄደ፤ አንዱ ጊታሪስትም ተከተለው። ዳርዊን ግን ቀረ። ስማቸውን «ቬሬዳ» አሉት፤ በእኛ ቋንቋ የመንገድ ዳር ማለት ነው፤ አባቶቻችን ከበሮ ያሞቁበት። በ1971 አንዲት ሸክላ አወጡ። ዋልዴማር በድራሙ ጠርዝ ላይ እንጨት በእንጨት እየመቱ የሠፈሩን ሰልፍ ወደ ሮክ አስገቡት። ያን ጊዜ እንዲህ የሚያደርግ ብዙ ሰው አልነበረም። ሸክላዋ በሬዲዮ በወጣች ቀን እናታችን የስፌት መኪናቸውን አቁመው እስክታልቅ ሰሙ። ከዚያ «አሁን ስድብ አለመሆኑን አወቅሁ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በ1972 የብስኩት ፋብሪካ ሠራተኛ የነበሩትን ሚርታ ቤንታንኮርን አገቡ። በዓመቱ ልጃቸው ሮሲና ተወለደች። በዚያው ዓመት ወታደሮቹ መንግሥቱን ያዙ። የ«ቬሬዳ» ሁለት ዘፈኖች ከሬዲዮ ጠፉ። በ1974 ዳርዊን በወንድሜ ጃኬት ተጠቅልሎ በመርከብ ወደ ባርሴሎና ሸሸ። ዋልዴማር ድራማቸውን ፈታተው ከአልጋ ሥር አስገቡት።

አሁን ወደ እኔ መጣሁ።

በኤፕሪል 1975፣ በማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ስለነበርኩ ተያዝኩ። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ያለሁበትን ለአራት ወር ተኩል ማንም ለቤተሰቤ አልነገረም። እናታችንና ዋልዴማር ሳሙና፣ የውስጥ ልብስና እንደ ሻይ የምንጠጣውን የማቴ ቅጠል የያዘ ጥቅል ተሸክመው ከአንዱ የጦር ሠፈር በር ወደ ሌላው ዞሩ። በየበሩ «እዚህ የለም» ይሏቸዋል። በየበሩ ሌሎች እናቶችም ጥቅል ይዘው ይቆሙ ነበር፤ በኋላ በስም ይተዋወቁ ጀመር።

በጁላይ በአንድ ብርዳማ ጠዋት አንድ ኮሎኔል ከመኪናው ወርዶ ወንድሜን አተኩሮ አያቸው። ይህን የነገሩኝ እዚያው አጠገባቸው የነበሩት እናታችን ናቸው።

«አንተ የ‹ቬሬዳ› ድራመር አይደለህም እንዴ? ልጄ ሸክላችሁን እቤት ታስጮኸው ነበር።»

«ነኝ።»

«የሰልፍ ከበሮ መቺዬ ታሞብኛል። ኦገስት 25 ለነፃነት በዓል ታላቅ ሰልፍ አለ።»

«ወንድሜ የት ነው?» አሉ ዋልዴማር።

«መጀመሪያ ፀጉርህን ተቆረጥ» አለ ኮሎኔሉ።

እናታችን ይህን ሲነግሩኝ፣ «እሺ በል አላልኩትም፤ እምቢ በልም አላልኩትም። ጥቅሉን ብቻ ይዤ ቆሜ ነበር። እሱ እጄን አየ» አሉኝ።

ወንድሜ በዚያው ቀን ፀጉራቸውን ተቆረጡ። ኦገስት 25 ቀን መለዮ ለብሰው፣ ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ በዋናው ጎዳና ላይ በሰልፉ ፊት የጎን ከበሮ መቱ። ፎቶግራፋቸው በጋዜጣ ወጣ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ እናታችን ከከተማ ውጭ ባለው እስር ቤት፣ በመስታወት ማዶ፣ በሕይወት እንዳለሁ አዩኝ። ከዚያ በኋላ በየአሥራ አምስት ቀኑ መጡ። ዋልዴማር ከሁለት የበዓል ሰልፎች በቀሩ ጊዜ ግን ጉብኝቴ ለሁለት ወር ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ አልቀሩም። ስድስት ዓመት መቱ።

ፓሌርሞ ሠፈር ሁሉን ያያል። የሰልፉ ዕለት ማታ ከእራት በፊት ወሬው ከኛ በር ደርሶ ነበር። ሚርታ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ሰዎች ንግግራቸውን ያቋርጡ ጀመር። አንድ ሰው የወንድሜን በር በኖራ «የሰልፍ አሻንጉሊት» ብሎ ጻፈበት። ዋልዴማር አጠቡት። በሳምንቱ እንደገና ተጻፈ። እንደገና አጠቡት። ሦስተኛ ጊዜ ሲጻፍ ሚርታ፣ «ተወው፤ ለቀለም ሳናወጣ በራችን ነጣልን» አሏቸውና ሁለቱም ሳቁ። ሚርታ ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ፤ በዚያ ዓመት የሳቁት እሱን ብቻ ነውና።

እኔስ? እኔ ምንም አላውቅም ነበር። በ1976 አንድ ጠባቂ ምሳ ሲያድል፣ «ወንድምህ ጥሩ ይመታል፤ ኮሎኔላችን ይወደዋል» አለኝ። ሳህኑን ሳልጨርስ መለስኩለት። እናታችንን በሚቀጥለው ጉብኝት ጠየቅኋቸው። ጠባቂ ከጀርባቸው ቆሞ ነበርና፣ «ሥራ ነው፣ ልጄ» ብቻ አሉኝ። ወንድሜ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ሦስቱን ሳልከፍት መለስኩ። አራተኛ አልጻፉም።

በኖቬምበር 1981 ተፈታሁ። እናታችን በሩ ላይ አቀፉኝ። ከመንገዱ ማዶ ዋልዴማር በአጭር ፀጉራቸው ቆመው ነበር። ዓይኔ አያቸው፤ አላየሁም አልኩ። ከእናታችን ጋር ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ ስንሄድ ልብሴን የያዘውን ጥቅል መሬት ላይ ረስቼው ነበር። እርሳቸው አንስተው ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላችን ተከተሉን። አውቶቡሱ ሲመጣ ጥቅሉን ለእናታችን ሰጡና አልተሳፈሩም። አንዲት ቃል አላልኳቸውም። በማግስቱ መለዮአቸውን እንደመለሱም አላወቅሁም።

አሥራ አንድ ወር እንዲህ ኖርን። እርሳቸው እናታችንን ሊጠይቁ በበሩ ሲገቡ እኔ በበሩ እወጣለሁ። በኦክቶበር 1982 የእናታችን ልብ ደከመ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠውኝ የበሩን፣ የኮሎኔሉን፣ የፀጉሩን ነገር ሁሉ ነገሩኝ። «እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነበር። እኔ ግን መሐላ ይዤ መቃብር አልገባም» አሉ። በስድስተኛው ቀን አረፉ።

ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሚርታ በሩን ከፍተው ወደ ጓዳ ገቡ። ዋልዴማር የሮሲናን የተማሪ ቤት ጫማ እየሰፉ ነበር። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ያልኩትን አልጽፈውም። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ያንን ክር አቀብለኝ» አሉኝ።

«ነገ ለሠፈሩ ሁሉ እናገራለሁ» አልኩ።

«አትናገርም።»

«ለምን? ስምህን እኮ ጭቃ አድርገውታል፣ ወንድሜ!»

ጫማውን አስቀመጡት። «እዚያ በር ላይ ከእማዬ ጋር ስንት እናት እንደቆመች ታውቃለህ? አንዳቸውም ከበሮ የሚመታ ልጅ አልነበራቸውም። እኔ የሚሸጥ ነገር ነበረኝ፤ ሸጥኩ፤ አንተን አገኘሁ። የእነሱ ልጆች አልመጡም። አሁን ወጥቼ ‹በግድ ነው፣ ለወንድሜ ብዬ ነው› ብል እነሱ ምን ይበሉ? ‹እኛስ ልጆቻችንን አልወደድናቸውም?› አይሉም? ተወኝ። ስድቡን ልልመደው።»

ማልኩላቸው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ያህል መሐላዬን ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር፣ መሐላው ለእኔም ይመቸኝ ነበር። በየዓመቱ የቀድሞ እስረኞች ሲሰበሰቡ ሰው ተነስቶ ያቅፈኛል፤ እሳቸውን ሲያይ ግን ፊቱን ያዞራል። እኔም ዝም እላለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ ራሴን ያነሳሁት።

በማርች 1985 ወታደሮቹ ሄዱ፤ ዳርዊንም ከባርሴሎና ተመለሰ። ሬዲዮው የ«ቬሬዳ»ን ዘፈኖች እንደገና ማሰማት ጀመረ፤ ትልቅ ኮንሰርት ታሰበ። ዋልዴማር ከአልጋ ሥር ድራማቸውን አወጡ። ቆዳዎቹን ቀየሩ፤ ለአሥር ቀን ብቻቸውን ተለማመዱ። እኔ ነኝ ተሸክሜላቸው ወደ ክበቡ የሄድኩት። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነበር፤ በክበቡ ሃያ የሚሆን ሰው ነበር። ዳርዊን ጊታሩን እየቃኘ ቀና አለ።

«ዋልዴ፣ ያንን የት ልታስቀምጠው ነው?»

«እንደ ድሮው፣ ከኋላህ።»

«ከኋላዬ እንዲህ ያለ ሰው አላስቀምጥም» አለ ዳርዊን። «እኔ በሰው አገር ሳህን ሳጥብ፣ ኤቤር እዚያ ሲበሰብስ፣ አንተ ለእነሱ ሰልፍ ታስረግጥ ነበር። ከሰልፍ ከበሮ መቺ ጋር አልጫወትም።»

ሁሉም ወደ እኔ አየ። ወንድሜም አዩኝ፤ አፌን እንዳልከፍት ነበር ያዩኝ። እኔም አልከፈትኩም። ዋልዴማር ትልቁን ከበሮ ከትከሻዬ አወረዱ። «ደህና። አዲሱ ድራመር ሁለተኛው ዘፈን ላይ እንዳይቸኩል ንገሩት፤ ማነከስ አለበት» አሉ፤ ወጣን። አምስት መንገድ ያህል አቋረጥን። ከዚያ፣ «ጥሩ ቃኝቷል፤ ድሮ ጆሮ አልነበረውም» አሉኝ። ኮንሰርቱን በሬዲዮ ሰሙት። ድራመሩ ቸኮለ።

ዋልዴማር ከ1982 እስከ 2009 የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሆነው ሠሩ። ተሳፋሪው ሲጨናነቅ በወንበሩ ብረት ላይ በሁለት ጣት እየመቱ «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ቤተሰብ!» ማለታቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ ሾፌር፣ «ከዚህ ሰው ጋር ስሠራ መኪናው ራሱ ይደንሳል፤ ፍሬኑን የምይዘው ዳንስ እንዲያቆም ነው» ይል ነበር።

በ1991 አንድ እሑድ የአባታችንን ከበሮ ይዘው የሠፈሩ ሰዎች ቆዳ ወደሚያሞቁበት እሳት ሄዱ። ሁለት ወንዶች ከበሮአቸውን አንስተው ከሰልፉ ወጡ። የቡድኑ ታላቅ የነበሩ፣ አንድ ልጃቸው ከተወሰደበት ያልተመለሰላቸው አሮጊት ግን እሳቱ ዳር ተቀምጠው ነበር፦ «የሲንፎሪያኖ ልጅ ነው። እናቱም ከኔ ጋር ብርድ ላይ የቆመች ናት። ያልፈለገ ይውጣ፤ የቀረ ይምታ!» አሉ። ወንድሜ ትልቁን ከበሮ ለሌላ ሰጥተው ትንሹን ለመኑ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ዓመት ትንሹን ብቻ መቱ። አሮጊቷ ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም? ጠይቄያቸው አላውቅም። ወንድሜም አልጠየቁም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ በሠፈሩ አዳራሽ ድራም አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ ዛሬ በባንድ ይጫወታሉ፤ ሁሉም በስፓኒሽ። ሁለት ወር ዱላ ሲከለከሉ ያለቀሱም እዚህ መካከላችሁ አሉ።

በሴፕቴምበር 2015 የጉበት ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ። ሐኪሟ ምን ያህል ጊዜ እንደቀራቸው ስትነግራቸው፣ «ሳልቸኩል ይበቃኛል» አሏት። በማርች 2016 እጃቸው አብጦ ማንኪያ መያዝ ሲያቅታቸው አየሁ። በዚያ ሳምንት መሐላዬን አፍርሼ ለዳርዊን ደብዳቤ ጻፍኩ። ስድስት ገጽ ሆነ።

ዳርዊን በአራተኛው ቀን መጣ። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በምርኩዝ ይሄዳል። ወንድሜ ጓሮ ፀሐይ ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ማቴ ይጠጡ ነበር። ዳርዊን ፊታቸው ቆመ።

«ለምን አልነገርከኝም፣ ዋልዴ?»

«ጠይቀኸኝ ነበር?»

የዳርዊን ምርኩዝ ወደቀ። ላነሳለት ስል ወንድሜ በእጃቸው ከለከሉኝ። ዳርዊን እያለቀሰ፣ «አሁን ምን ላድርግ? ምን ብል ይሻላል?» አለ።

«ተቀመጥ» አሉት። «ውኃው እየቀዘቀዘ ነው። ጠጣና አቀብለኝ።»

ከዚያ በኋላ ዳርዊን ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣ ነበር። ጋዜጣ ያነብላቸዋል፤ በኳስ ይከራከራሉ። እንደ ድሮው ሆኑ አልልም። ሠላሳ አንድ ዓመት በሦስት ወር አይመለስም። እኔን ግን ወንድሜ ስምንት ቀን አኮረፉኝ። ምግብ ባቀርብ ከሚርታ እጅ ይቀበላሉ። በዘጠነኛው ቀን፣ «አንተ ልጅ፣ ትንሽ ከበሮ ብትሆን ኖሮ አባባ ከእሳቱ ይጨምሩህ ነበር» አሉኝ። ይቅርታ እንደሆነ ያወቅሁት ሲስቁ ነው።

ባረፉበት ሳምንት ይህን ጽሑፍ እኔ እንደምጽፍ አውቀው አንድ ነገር አዘዙኝ። «ስድስቱን ዓመት አትዝለል። ‹ለእነሱ መታ› ብለህ በግልጽ ጻፈው። ሰው ሕይወቱን ሲያነቡለት ጉድጓድ ሊኖርበት አይገባም። ምክንያቱን ግን አትጻፍ።» እሺ አልኳቸው።

እነሆ ጻፍኩት። ለሁለተኛ ጊዜ ቃሌን በላሁ፤ እርሳቸውም አሁን ሊያኮርፉኝ አይችሉም። በዚህ አዳራሽ ጥቅል ይዛችሁ በዚያ በር ቆማችሁ ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁ እናቶችና እኅቶች ካላችሁ፣ ወንድሜ አርባ ዓመት ስድብ ችለው ዝም ያሉት እናንተን እንዳያቆስሉ ነው። እኔ ዛሬ ብናገር ደግሞ እናንተን ላሳምም ፈልጌ አይደለም። ለእኔ ሲባል የተከፈለው ዋጋ ሰው ሳያውቀው አፈር እንዲለብስ ልቤ እምቢ ስላለኝ ነው። ከበደልኩ እኔን ውቀሱኝ፤ እርሳቸውን አይደለም።

ዋልዴማር ኢሲድሮ ቴቼራ ጁላይ 19 ቀን 2016 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ሚርታ ፊታቸውን እያጠቡላቸው አረፉ። ባለቤታቸውን ሚርታ ቤንታንኮርን፣ ልጃቸውን ሮሲናን፣ የልጅ ልጃቸውን ናሁኤልን፣ ወዳጃቸውን ዳርዊን ኤቼጋራይን፣ ያስተማሯቸውን ልጆች፣ እና ዕድሜውን ከእርሳቸው የተቀበለውን ወንድማቸውን ኤቤርን ትተው ሄደዋል።

የሰውን ሸክም ተሸክሞ ስሜን መልሱልኝ ያላለን ሰው የሚያውቅ አምላክ፣ ያበጡ እጆቻቸውን ያሳርፍ። ነፍሳቸውን ከአባታችንና ከእናታችን አጠገብ ያስቀምጥልን። በዚያም ማንም ፊቱን አያዙርባቸው። አሜን።